መዝጊያው የት ነው?

ባለፈው ግንቦት አንድ ሌሊት ጎንደር፣ ሰፈራችን ውስጥ ቧንቧ ፈነዳ። መጀመሪያ ዝናብ መሰለኝ። ቆይቶ ግን ድምፁ ከጣሪያው ሳይሆን ከመንገዱ እንደሚመጣ ገባኝ። የስልኬን መብራት አብርቼ ስወጣ ከኮብልስቶኑ መሐል ውሃ ይንፎለፎላል።

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ውሃ ካየን ሦስት ሳምንት አልፎን ነበር። የፊት ለፊቷ እትዬ ነጠላቸውን እንኳ በወጉ ሳያጣፉ ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው ደረሱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። በርሜል ያለው በርሜሉን፣ ሮቶ ያለው በባልዲ እያመላለሰ ሮቶውን ሞላ። "እግዜር ሲሰጥ በቧንቧ ውስጥ ብቻ ነው ያለው ማነው?" አሉ እትዬ። ሳቅን።

ሲነጋ ሳቁ አለቀ። ዕቃ ሁሉ ሞልቷል፤ ውሃው ግን አሁንም ቁልቁል ወደ ዲቹ ይወርዳል። አንዱ ቢሮ ደወልን። መንገድ ስር ስለሆነ መጀመሪያ መንገዱን የሚመለከተው ይፍቀድ አሉን። የሚመለከተው ጋ ሄድን። ደብዳቤ ይጻፍልን አሉ። ደብዳቤውን የሚፈርሙት ሰውዬ ስብሰባ ላይ ናቸው። (ስብሰባው ስለ መልካም አስተዳደር ነበር። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፤ በሩ ላይ ተለጥፎ አንብቤዋለሁ።)

በሦስተኛው ቀን ሁለት ወጣቶች ዶማና መፍቻ ይዘው መጡ። ትሑት ልጆች ናቸው። አንደኛው ዙሪያውን ቃኘና እኛን ጠየቀን።

"መዝጊያው የት ነው?"

እኛ ደግሞ እነሱ ያውቃሉ ብለን ነበር የምንጠብቀው። መዝጊያው (ጌት ቫልቩ) ካልተዘጋ ቧንቧው አይጠገንም። ስለዚህ ቁፋሮ ተጀመረ። አራት ቦታ ቆፈሩ። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ የቴሌ ገመድ አገኙ፤ ቶሎ መልሰው ደፈኑት። እኩለ ቀን ላይ ከሰፈሩ አንዱ ጡረታ የወጡ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ትዝ አሉት። በባጃጅ አመጣቸው።

ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። መሬቱን አላዩም። ያዩት የአንድ አሮጌ ቤት ጣሪያ ጠርዝ ነው። ከዚያ ዞር ብለው "እዚህ ጋ አንድ ግራር ነበር" አሉ።

"ግራሩ ከተቆረጠ ቆየ፣ ጋሼ።"

"ቢቆረጥስ? ቦታው የት ይሄዳል?"

ከቤቱ ማዕዘን ተነስተው ስድስት እርምጃ ቆጠሩ። ወደ ግራ ሁለት። በከዘራቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ። "ቆፍር፣ ልጄ።" ክንድ ያህል ሳይቆፈር የዛገ ብረት ክዳን ብቅ አለ። "ይሄኛው መስመር ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው" አሉ። ከዚያ ሻይ ጠየቁ።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ከተማ አስተዳደር ያለኝ ሐሳብ ተለወጠ። ድሮ ከተማችን ለምን አትሠራም ሲባል ሁለት መልስ ነበረኝ፦ ገንዘብ የለም፣ ያለው ደግሞ ይሰረቃል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አልሰርዛቸውም። ግን ያን ቀን ገንዘብ አልጎደለም፤ ጉቦ የጠየቀም የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ የፈሰሰው ከተማዋ የራሷን አካል ስለማታውቅ ነው። የሚያውቋት ሰው ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ሲወጡ የጠየቃቸው የለም። ሰርተፍኬት ተሰጥቷቸው፣ ፎቶ ተነስተው ተሸኙ።

ጎንደርን የሚያውቅ ሰው የውሃዋን ነገር ያውቀዋል። ዋናው የውሃ ምንጫችን አንገረብ ግድብ ነው። ከላይ ከተራራው የሚወርደው አፈር ግድቡን ዓመት በዓመት ሲሞላው ኖሯል። ገበሬው ቁልቁለቱን ካላረሰ አይበላም፣ ዝናቡም አፈሩን ሳይወስድ አይወርድም። ደለል የከተማ ወሰን አይጠይቅም። የከተማ ሹም ግን ወሰኑን አልፎ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ተስፋ የተጣለበት ደግሞ መገጭ ግድብ ነው። መገጭ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ባለቤቱም የፌዴራል መንግሥት እንጂ ከተማዋ አይደለችም። ሕዝቡ ውሃ የሚጠይቀው ቅርቡ ያለውን ሹም ነው። ሹሙ ደግሞ የሌላ ሰው ግድብ ይጠብቃል። ወቀሳው ከታች፣ ቁልፉ ከላይ።

ለስንት ሰው ነው ውሃው የሚታቀደው ብላችሁ ብትጠይቁስ? በ1987ቱ ቆጠራ ጎንደር 112 ሺህ ያህል ሰው ነበራት። በ1999 ደግሞ 207,044። ከዚያ በኋላ አልተቆጠረችም። በ2010 ይደረጋል የተባለው አገር አቀፍ ቆጠራ ተራዘመ፣ ደግሞም ተራዘመ። በ1999 የተወለደ ልጅ ዛሬ መታወቂያ አውጥቶ ባጃጅ ይነዳል። በመሐል በጦርነትና በመፈናቀል ስንቱ ገባ፣ ማራኪና አዘዞ በኩል ስንት ሰፈር በቀለ። ሁሉም ቢሮ "ግምት" የሚባል የራሱ ቁጥር አለው። የውሃው ግምት ከትምህርቱ አይገጥምም፤ የትምህርቱም ከጤናው።

ስለ ፋይልም ላውራ፤ ሁላችንም የምናውቀው ጉዳይ ስለሆነ። አክስቴ የወረሰችውን ቤት ስም ለማዛወር ስምንት ወር ተመላልሳለች። ቀበሌዎቹ ሲዋሐዱ፣ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም፣ መዋቅር በተለወጠ ቁጥር መዝገቡ ከቢሮ ቢሮ ይጋዛል። ሰው ግን እስከ ዛሬ "ቀበሌ 18" እያለ በድሮው ቁጥር ነው የሚጠራው። ክፍለ ከተማውን ብትጠይቁት ቆም ብሎ ያስባል። የአክስቴ ፋይል "የለም" ተባለ። ከዚያ "ምናልባት ሊኖር ይችላል"። ከዚያ "ሲስተም የለም"። አንድ ቀን እኔም አብሬያት ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ጥሩ ልጅ ነበረች፤ አቧራውን በስካርፏ ሸፍና ከመደርደሪያ መደርደሪያ ትወጣለች። በመጨረሻ ፋይሉ ተገኘ። የት? የአያቴ ስም የሚጀምረው በብዙኃኑ "ኃ" ነው። ከሰላሳ ዓመት በፊት የነበረው ጸሐፊ ግን በሃሌታው "ሀ" ጽፎታል። ስምንት ወር የተመላለስነው በአንድ ፊደል ነው! አባቶቻችን ሦስት "ሀ" ያቆዩልን ለዚህ አልመሰለኝም።

ያ ፋይል ውስጥ አንድ የ1968 ወረቀት ነበር። በ1967 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። በአንድ ሌሊት የሰፈር ማኅበር ሺህ ጣሪያ የሚያስተዳድር አከራይ ሆነ ማለት ነው። ኪራዩ ለጥገና አይበቃም፣ ጠጋኝ የለም፣ መዝጋቢ የለም። ዛሬ አራዳ አካባቢ ግድግዳቸው ያበጠ፣ ቆርቆሯቸው በድንጋይ የተያዘ ቤቶች ስታዩ የዚያ ሌሊት ውርስ ናቸው። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ አይጠግን፣ አከራዩ ፋይሉን አያውቀው።

አሁን ወደ ሹሞቹ ልምጣ። በእነዚያ ስምንት ወሮች ውስጥ ያንን ክፍል ሦስት ኃላፊ መርቶታል። የመጀመሪያው ጉዳዩን ሰማ። ሁለተኛው "እንደ አዲስ አመልክቱ" አለ። ሦስተኛው ፈረመ። ሦስቱም መጥፎ ሰዎች አልነበሩም። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት ሁልጊዜ ስለ ሌብነት ነው የምንተርተው። አሁን አሁን ግን እኔ የማየው "ሲሻር" የምትለዋን ቃል ነው። ተረቱ መሻሩን እንደ ፀሐይ መግባት ቆጥሮታል፤ አይጠረጠርም፣ አይቀርም። ነገ እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው አምስት ዓመት የሚፈጅ ሥራ ለምን ይጀምራል? ሪባን የሚቆረጥበትን ይመርጣል። አበባና መብራት ይታያል፤ የተጠገነ ቧንቧ መሬት ውስጥ ነው፣ ማን ያይለታል?

ሹሙ የሚፈራውስ ማንን ነው? በወረቀት ከንቲባውን የሚመርጠው የከተማው ምክር ቤት ነው፣ ምክር ቤቱን ደግሞ ነዋሪው። ነገር ግን የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ነው። በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ፤ በ2013ም ለክልልና ለፌዴራል ስንመርጥ የአካባቢው ቀረ። ስለዚህ ሹሙ ወደ ላይ ያያል። ወደ ታች ቢያይ የሚሾመውም የሚሽረውም የለም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት ተጨመረ። የጸጥታ ሥራ የሁሉንም ቀን ሲበላ ስለ ቧንቧ ካርታ ማንሳት ራሱ ቅንጦት ይመስላል። ይህን አልረሳሁም።

ውጭ አገር የተሠራ ነገር ስንሰማ "እነሱማ ሀብታም ናቸው" ብለን እናልፋለን። ፕኖም ፔን ግን ሀብታም አልነበረችም። የካምቦዲያ ዋና ከተማ ናት፤ ከክመር ሩዥ እልቂትና ከረጅም ጦርነት የወጣች። እ.ኤ.አ. በ1993 የውሃ ድርጅቱን ኤክ ሶን ቻን የሚባል ኢንጂነር ተረከበው። ከሚመረተው ውሃ 72 በመቶው ገቢ ሳያስገባ ይጠፋ ነበር፤ በቀዳዳ፣ በስርቆት፣ ባልተመዘገበ ቧንቧ። ሰውዬው ቀድሞ የገባበት ሥራ ምን መሰላችሁ? ቆጠራ። ሠራተኞቹን ቤት ለቤት ላካቸው፤ ማን ቧንቧ አለው፣ ማን ይከፍላል፣ ማን አለ ተብሎ የለም። ከዚያ ቆጣሪ ገባ። የማይከፍል ጄኔራል ቤት ሄዶ ሊቆርጥ ሲል ሽጉጥ ተደግኖበታል፤ ቆረጠ። ባለሥልጣን ተቆረጠበት ሲባል ጎረቤት መክፈል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ድርጅቱ የራሱን ገንዘብ ራሱ እንዲያስተዳድር ተፈቀደለት። የጃፓን፣ የፈረንሳይና የዓለም ባንክ ገንዘብም ነበረው፤ በባዶ እጅ ተሠራ አልልም። ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ገደማ ወረደ።

እኔን ከዚህ ሁሉ የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. እስከ 2012 ቆየ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! እኛ አገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንበር ላይ የቆየ ሹም ሲባል ሌላ ነገር ነው ትዝ የሚለን፤ ለዚያ ነው ይህን ምሳሌ ሳነሳ ምላሴ ትንሽ የሚያዘኝ። አንድ ሰው ላይ መንጠልጠልም አደጋ አለው። ሆኖም አንድን ቧንቧ ዘርግቶ፣ ሲያፈስ አይቶ፣ ጠግኖ፣ ለተተኪው እስኪያሳይ የቆየ ሰው ምን እንደሚሠራ አይተናል።

ገንዘቡም ቢሆን ከመዝገብ ነው የሚወጣው። ጣሪያና ግድግዳ የምንለው ግብር በ1968 በወጣ አዋጅ ሲሰበሰብ ኖረ። በጥር 2017 አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። ሰዉ ደነገጠ፤ መደንገጡ አይገርምም፣ ኑሮው ራሱ አስደንጋጭ ነው። ግን ከተማ የማያውቀውን ቤት እንዴት ያስገብረዋል? የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን እ.ኤ.አ. በ2020 ቤቶቿን ከሳተላይት ምስል ቆጥራ፣ ጣሪያውና ግድግዳው ከምን እንደተሠራ እያየች ነጥብ በመስጠት ግብሩን አዲስ አደረገችው። ሀብታሙ ጨመረ፣ ደሃው ቀነሰ። ከዚያ ማዕከላዊው መንግሥት "ቁም" አለ፤ አሰባሰቡ ታግዶ ቆየና በቀጣዩ ዓመት ቀጠለ። ከንቲባዋና መንግሥቱ ከተለያየ ፓርቲ ነበሩ። እንግዲህ ቆጥሮ መጨረስም ብቻውን አይበቃም።

ሰሞኑን ከተማችን በኮሪደር ልማት ተቆፍራ ስታዩ ምን ይሰማችኋል? እኔ አቧራውን ችዬ ደስ ይለኛል፤ ፒያሳ ለእግረኛ ቦታ ማግኘቷ መልካም ነው። አንድ ወጣት መሐንዲስ ወዳጄን ግን ጃን ተከል ዋርካው አጠገብ ቡና እየጠጣን ጠየቅኩት። እሱ የሚሠራው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሥራ ላይ ነው።

"ስትቆፍሩ ያገኛችሁትን ቧንቧ ወረቀት ላይ ታሰፍሩታላችሁ?"

"አዝ-ቢልት ማለትህ ነው፣ ሥራው ካለቀ በኋላ እንደተሠራው የሚነሳው ፕላን? ውሉ ላይ አለ።"

"ውሉን አልጠየቅኩህም።"

ሳቀ። "የመጨረሻ ክፍያ ሲደርስ ሁሉም ይቻኮላል። አንዳንዱ የመጀመሪያውን ፕላን ቀኑን ቀይሮ 'አዝ-ቢልት' ብሎ ያስገባዋል። የሚያነበው የለማ!"

የሚያነበው የለም። ቃሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮኝ አለ። መዝገብ የሚጠፋው በእሳት ወይም በምስጥ ብቻ አይደለም፤ ማንም ስለማይገልጠውም ነው። የፋሲልን ባሕረ ጥምቀት ተመልከቱ። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ነው የሚመጣው። ከፋሲለደስ ዘመን የተረፈ ሥራ ነው፣ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው። የዚያ ውሃ መንገድ አልጠፋም። ለምን? ጥር 10 ከተራ ስለሚደርስ። ታቦታቱ ይወርዳሉ፣ ገንዳው መሙላት አለበት፣ "ዘንድሮ ቦዩን አጣነው" የሚል መልስ የሚቀበል ሕዝብ የለም። በየዓመቱ አንድ ሰው ሄዶ ያየዋል፣ ይጠርገዋል፣ ልጁ ተከትሎት ይሄዳል። የእኛ ሰፈር ጌት ቫልቭ ግን ከተከፈተና ከተዘጋ ስንት ዓመቱ ነው? ጋሼ እንዳሉት፣ እሳቸው ሥራ ላይ እያሉ በዓመት አንዴ ሁሉንም እየዞሩ ያዞሩ ነበር። "እንዳይነክሰው" ይሉታል፤ ዝገት መዝጊያውን እንዳይዘው ማለታቸው ነው። በኋላ ለዚያ ሥራ አበል ቀረ፣ ዙሩም ቀረ።

ቧንቧው ተጠገነ። ኮብልስቶኑ ተመልሶ ተደረደረ፤ ትንሽ ጎበጥ ብሏል እንጂ ያልፋል። ጋሼ ሻይአቸውን ሲጨርሱ የእድራችን ጸሐፊ ደብተሩን ይዞ መጣ። የእድራችን ደብተር ጉድ ነው። በ1978 ማን ወር መዋጮ እንዳላመጣ፣ ስንት ወንበር ማን ቤት ተሰብሮ እንደቀረ ሁሉ አለበት። እድር ቧንቧ አይዘረጋም፤ የሰፈር ድንኳንና ድስት ከማስተዳደር ከተማ ማስተዳደር ይለያል፣ ይህ አይጠፋኝም። ግን ጸሐፊው ሲቀየር አዲሱ ደብተሩን የሚረከበው በሽማግሌ ፊት፣ ገጽ በገጽ ተቆጥሮ ነው። አንዲት ገጽ ብትጎድል ለቀስተኛ ይጣላል።

የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጋሼ እየነገሩት ጻፈ። "ከአሮጌው ቤት የምሥራቅ ማዕዘን 6 እርምጃ፣ ወደ ግራ 2። ግራሩ የነበረበት።" እርምጃው የማን ነው ብዬ ስጠይቅ ጋሼ ተቆጡ። "የእኔ ነዋ!" ጸሐፊው እርምጃቸውን በሜትር ለካና ከጎኑ ጨመረ። ቀንና ዓመተ ምሕረት ተጻፈ፣ ጋሼ ፈረሙ።

ከሁለቱ ወጣቶች አንደኛው ገጹን በስልኩ ፎቶ አነሳው። "ቢሮ አስገባዋለሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያልን የሁሉንም ሰፈር እንሰበስባለን" አለ። ዓይኑ ላይ አየሁት፣ ከልቡ ነበር። ስልክ ተለዋወጥን። ጋሼም ሌሎቹን መዝጊያዎች ሊያሳዩት ተስማሙ፤ ባጃጁን እኛ እንከፍላለን አልን።

ሐምሌ ላይ ደወልኩለት። ከቦታው ተዛውሯል፤ አዘዞ፣ ሌላ የሥራ ክፍል። ፎቶውስ አልኩት። "ስልኬ ላይ አለ" አለኝ፣ "ለማን ልስጠው?"